ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አንዱን ሊኑክስ በሌላ መተካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላፕቶፕ ታቅፈው ደረጃዬን ለሚወጡ ጎረቤቶቼ ደጋግሜ የምመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ነጻ ስርዓት ነው፤ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ዴቢያን ዓይነቶቹ ናቸው፤ ዲስትሮ ይባላሉ።

ሊኑክሴን በሌላ ሊኑክስ ብተካ ዊንዶውሴ ይጠፋል?

እናንተ ካላጠፋችሁት አይጠፋም። ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ዲስክ ላይ ሲኖሩ ልክ እንደ እኛ ኮንዶሚኒየም ነው። በር ለበር ቢሆኑም ቤታቸው ለየብቻ ነው። የሊኑክሱን ቤት አፍርሳችሁ ብትሠሩት የዊንዶውሱ ግድግዳ አይነካም። የሚጋሩት የግቢውን በር ብቻ ነው። እሱም ኢኤፍአይ የሚባለው ትንሽዬ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ነው። ሁለቱም የማስነሻ ፋይላቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ። ስለ እሱ ወደ ታች በደንብ እናወራለን፤ አብዛኛው ለቅሶ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እንዲያውም መቀየር መጀመሪያ ከመጫን ይቀላል። ያኔ ከዊንዶውስ ላይ ቦታ መቁረስ ነበረባችሁ። አሁን ቦታው ተቆርሶ አልቋል። ተከራይ ብቻ ነው የሚቀየረው።

ግን የግድ መቀየር አለብኝ?

ብዙ ጊዜ የለባችሁም። "ኡቡንቱ ሰለቸኝ" ብሎ የሚመጣ ሰው ጠጋ ተብሎ ሲጠየቅ የሰለቸው መልኩ ሆኖ ይገኛል። መልክ ለመቀየር ደግሞ ቤት ማፍረስ አያስፈልግም። እዚያው ኡቡንቱ ላይ ሲናሞን፣ ኬዲኢ ወይም ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉትን ዴስክቶፖች (የስክሪን ገጽታዎች) መጫን ይቻላል። የይለፍ ቃል የምትጽፉበት ገጽ ላይ የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ትገባላችሁ። ፎርማት የለ፣ ጭንቀት የለ።

እውነተኛ ምክንያቶችም አሉ። አንዱ የድጋፍ ዘመን ማለቅ ነው። የኡቡንቱ 20.04 ነጻ መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 ላይ አብቅቷል። 22.04 እስከ 2027 ይቆያል። ሌላው ራም ነው፤ 4 ጊጋ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የኡቡንቱ ዋናው እትም ያቃስታል። ሦስተኛው አዲስ ማሽን ገዝታችሁ አሮጌው ሊኑክስ ዋይፋዩን ወይም ስክሪኑን አላውቀውም ሲላችሁ ነው።

የትኛውን ልምረጥ?

ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት። ራም ካነሰ የሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም። በጣም አዲስ ማሽን ካላችሁ ፌዶራ። አንዴ ጭኜ ልርሳው ለሚል ዴቢያን።

ግን ኢንተርኔቱን የምትከፍሉት በጊጋ ከሆነ ይህን አስቡበት። ፌዶራ በየ6 ወሩ አዲስ እትም ያወጣል። አንዱ እትም የሚደገፈው 13 ወር ገደማ ብቻ ነው። እስከዚያም ድረስ ማሻሻያው አያልቅም፤ ፓኬጅ የሚበላ ዲስትሮ ነው። በእኔ አስተያየት ከከተማ ዳር በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ሚንት ወይም ዴቢያን ይሻላል። የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ፋይል ግን እንዳያታልላችሁ። ከ1 ጊጋ በታች ሆኖ የሚያጓጓው ቀሪውን በመጫን ሰዓት ስለሚያወርድ ነው።

ፋይሉ ትልቅ ነው። መሃል ላይ ሲቋረጥብኝ ምን ላድርግ?

ሚንት ወደ 3 ጊጋ፣ ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። በብሮውዘር አታውርዱት። በቶረንት አውርዱት። መብራት ሄዶ ራውተሩ ቢጠፋም ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ያወረደ ሰው ፈልጎ በፍላሽ መገልበጥ ነው፤ ሊኑክስ ሲገለበጥ ሌብነት አይደለም።

ከማን ብትወስዱት ግን ሻ256 የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥር አመሳክሩ። ዲስትሮው ድረ ገጽ ላይ ከፋይሉ ጎን የተጻፈ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፍላሹንም ጠርጥሩ። 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን 8 ጊጋ እንኳን የማይሞላ ፍላሾች መንገድ ላይ ይሸጣሉ። መጫኑ 70 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ከተገተረ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍላሹን ነው።

በፍላሹ ላይ ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ብትጭኑ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሚንትንም ዴቢያንንም እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ስታስነሱት የትኛውን ልክፈት ብሎ ይጠይቃችኋል። ሳትጭኑ በፊት ከፍላሹ አስነስታችሁ ዋይፋይ፣ ድምፅና ብሉቱዝ ሞክሩ።

ባክአፕ ማድረግ ያለብኝ ምኑን ነው?

ሁሉንም። ስለዚህ ጉዳይ ኩራት የለኝም። የራሴን ፓርቲሽኖች በቃሌ አውቃቸዋለሁ ብዬ የእህቴን የሠርግ ፎቶዎች የያዘውን ፎርማት አድርጌዋለሁ። በእጄ፣ በጠራራ ፀሐይ። እህቴ እስከ ዛሬ ላፕቶፕ ሳነሳ ካየች "ደግሞ የማንን ሠርግ ልታጠፋ ነው?" ትለኛለች። ስለዚህ ኤክስተርናል ዲስክ ተዋሱ። ጎረቤት የለውም? ዘመድ አይጠፋም።

ዶክመንትና ፎቶ ማንም አይረሳም። የሚረሳው የተደበቀው ነው። የፋይል መስኮቱን ከፍታችሁ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ በነጥብ የሚጀምሩ ፎልደሮች ይወጣሉ። የፕሮግራሞቻችሁ ሴቲንግ ያለው እዚያ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው ስናፕ በሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማሸጊያ ነው። ስለዚህ ቡክማርክና የተቀመጡ ይለፍ ቃላት ያሉት በድሮው የሞዚላ ፎልደር ሳይሆን ስናፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የድሮውን ገልብጦ "ባክአፕ አድርጌ ነበር እኮ" ይላል።

መሃል ላይ መብራት ቢሄድብኝስ?

እኛ ሰፈር "ቢሄድ" አይባልም፤ "ሲሄድ" ነው። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው ደህና ከሆነ ችግር የለም። መጫኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። ዩዝድ ላፕቶፖች ላይ ግን 100 ፐርሰንት የሚለው ባትሪ ቻርጀሩ በተነቀለ በ10 ደቂቃ ቀጥ ሊል ይችላል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ነቅላችሁ ሞክሩት።

ፋይል እየገለበጠ ሳለ ቢጠፋ የሚበላሸው አዲሱ ሊኑክስ ብቻ ነው። እንደገና ትጀምራላችሁ። የሚያስፈራው ፓርቲሽን እየጠበበ ወይም ቦታ እየለወጠ ሳለ ሲጠፋ ነው። ያኔ ዳታው ራሱ በጉዞ ላይ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ በምትቀይሩበት ቀን "እግረ መንገዴን የዊንዶውሱን ድራይቭ ትንሽ ላጥብበው" አትበሉ። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

መጫኛው ብዙ ምርጫ ያቀርባል። የቱን ልጫን?

ይህን ጥያቄ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መጫኛው መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ ቀላሉ ምርጫ ብዙ ጊዜ "ኢሬዝ ዲስክ" የሚል ነው። ዲስኩን በሙሉ ማለት ነው፤ ሊኑክሱን ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ከነፋይሉ የሚሄደው በዚህች አንዲት ምርጫ ነው። "ከጎኑ ጫን" የሚለውም አይጠቅማችሁም። እሱ አሮጌውን ሊኑክስ ሳይነካ ሦስተኛ ተከራይ ያስገባባችኋል። እናንተ የምትፈልጉት በሚንት "ሰምቲንግ ኤልስ"፣ በአዲሱ ኡቡንቱ "ማኑዋል ኢንስቶሌሽን" የሚለውን ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ከሁሉም የሚያስተማምነው እሱ ነው። ምክንያቱም እናንተ ያልነካችሁትን ነገር አይነካም።

ከዚያ በፊት ግን ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን ክፈቱና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሲ እና ዲ የሚሏቸው ስሞች ሊኑክስ ውስጥ የሉም። እዚያ ሁሉም በቁጥር ነው የሚጠራው። የምትለዩአቸው በመጠንና በዓይነት ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚል ካያችሁ የዊንዶውስ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ፋት32 የሚልና ከ100 እስከ 500 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ካያችሁ የግቢው በር ነው። ኤክስት4 የሚለው አሮጌው ሊኑክሳችሁ ነው። ሁለት ኤክስት4 ካለ አንዱ ስርዓቱ፣ ሌላው ሆም (የግል ፋይሎቻችሁ ያሉበት) መሆኑ ነው። መጠናቸውን ከአሮጌው ሊኑክስ ውስጥ ሆናችሁ ቀድማችሁ ጻፉት።

አሁን ሥራው አጭር ነው። አሮጌው ስርዓት ያለበትን ኤክስት4 መርጣችሁ ማስተካከያውን ክፈቱ። ኤክስት4 ተብሎ እንዲያገለግል፣ ፎርማት እንዲደረግ፣ ማያያዣውም (ማውንት ፖይንት የሚለው) አንዲት ያዘነበለች መስመር (/) ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ኢኤፍአዩን መጫኛው ብዙ ጊዜ ራሱ ያውቀዋል። ካላወቀው ኢኤፍአይ ነው ብላችሁ ንገሩት፤ ግን ፎርማት የምትለዋን ሳጥን እንዳትነኳት። እሱ ፎርማት ከተደረገ ዊንዶውስ በአካል አለ፣ መግቢያ ግን የለውም። በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽና ቢሲዲቡት በሚባል ትዕዛዝ ይመለሳል። ሆኖም የእሑድ ከሰዓታችሁን ይበላል።

በመጨረሻ መጫኛው ምን ምን ፎርማት እንደሚያደርግ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ሁሉም ሰው ሳያነብ የሚያልፈው ገጽ ነው። እዚያ ላይ አንድ ፓርቲሽን ብቻ መጠቀስ አለበት። ሁለት ካያችሁና ሁለተኛው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አልተጻፈም።

መጀመሪያ ከዊንዶውስ ሆኜ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ላጥፋው?

አያስፈልግም፤ ይጎዳችኋልም። ያንን ስታጠፉ ግረብ የሚባለው አስነሺ በር ላይ ይቀራል፤ የሚያነበው ፋይል ግን ሄዷል። ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ጥቁር ስክሪን ላይ "ግረብ" ብሎ ይጠብቃችኋል። ያኔ ዊንዶውስም የጠፋ ይመስላል።

ይህ ደርሶባችሁ ከሆነ አትደናገጡ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት የማስነሻ ሜኑውን ጥሩ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ከዝርዝሩ ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚለውን ምረጡ፤ ይገባል። በጣም አሮጌ በሆነ፣ ኢኤፍአይ በሌለው ማሽን ግን ይህ ምርጫ አይኖርም። እዚያ ላይ አዲሱን ሊኑክስ ቶሎ መጫን ነው መፍትሔው።

ሆሜ ለብቻው ፓርቲሽን ላይ ነው። እሱን ይዤ መቀጠል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ለዚህ ነው ለብቻው የሚደረገው። በመጫኛው ላይ ሆሙን ምረጡ፣ ማያያዣውን ሆም (/home) በሉት፣ ፎርማት የምትለዋን ባዶ ተዉት። የተጠቃሚ ስማችሁንም ልክ እንደ ድሮው ጻፉ። በአቢይና በንዑስ ፊደል እንኳን እንዳይለይ። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያንና ፌዶራ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 የሚለውን መለያ ቁጥር ስለሚሰጡ ፋይሎቹ ባለቤታቸውን ያውቁታል።

የሚያስቸግረው የድሮው ሴቲንግ ነው። ከኡቡንቱ ወደ ሚንት ስትሄዱ አሮጌው ኮንፊግ አዲሱን ዴስክቶፕ ያዘበራርቀዋል። አይኮን ይጠፋል፣ ፓነል ይሰወራል። እኔ ከመጫኔ በፊት ነጥብ-ኮንፊግ የሚባለውን ፎልደር ስሙን ቀይሬ አስቀምጠዋለሁ። አዲሱ ስርዓት የራሱን ከባዶ ይሠራል። የጎደለኝን ከድሮው እየመረጥኩ እመልሳለሁ። ፌዶራ ዎርክስቴሽን ደግሞ ከ33ኛው እትም ወዲህ በነባሪ የሚጠቀመው ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለውን ሌላ የፓርቲሽን ዓይነት ነው። ኤክስት4 የሆነውን ሆማችሁን ማቆየት ከፈለጋችሁ አውቶማቲኩን ትታችሁ በእጅ ምረጡ።

ሁሉም በሰላም አለቀ። ግን ዊንዶውስ ከማስነሻው ዝርዝር ላይ የለም!

ዊንዶውሱ አለ፤ ግረብ አልፈለገውም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 2.06 ጀምሮ ግረብ ሌሎች ስርዓቶችን መፈለግን በነባሪ ትቷል። ምክንያቱ ደህንነት ነው። አንዳንድ ዲስትሮ መልሶ ይከፍተዋል፣ አንዳንዱ እንደተዘጋ ይተወዋል። ዴቢያን ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ያጋጥማል።

ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ግረብ የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለ። እዚያ ኦኤስ ፕሮበርን ስለመዝጋት የምትናገር መስመር ታገኛላችሁ። ፊቷ ያለውን የአጥር ምልክት (#) አጥፉ፣ ዋጋዋም "ፎልስ" መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ተርሚናል ላይ ሱዶ አፕዴት-ግረብ በሉ። "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ተገኘ" የሚል መስመር ካያችሁ ሪስታርት አድርጉ።

ኡቡንቱን አጥፍቼ ሚንት ጫንኩ። ባዮሱ አሁንም "ኡቡንቱ" ይላል። አልጠፋም ማለት ነው?

ጠፍቷል። ሚንት በኡቡንቱ ላይ የተሠራ ስለሆነ ኢኤፍአይ ውስጥ የማስነሻ ፎልደሩን ራሱም "ኡቡንቱ" ብሎ ነው የሚጠራው። ስለዚህ የምታዩት ስም የሚንት ነው። እሱን ካጠፋችሁ ሚንት አይነሳም። አንድ ልጅ ይህንን "ሲያጸዳ" አድሮ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩቷል።

ከኡቡንቱ ወደ ፌዶራ ወይም ዴቢያን ከሄዳችሁ ግን "ኡቡንቱ" የሚለው በእርግጥ የሞተ ስም ነው። ጉዳት የለውም፤ እንደ ለቀቀ ተከራይ ስም በር ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዓይናችሁን ካስጨነቀ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር በሚባለው ትዕዛዝ ቁጥሩን አይታችሁ ማንሳት ይቻላል። አዲሱ ሊኑክስ አንድ ሳምንት በሰላም ከተነሳ በኋላ ይሁን።

ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ለምን?

ሊኑክስ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ መሠረታዊ ሰዓት ይሞላዋል። ዊንዶውስ ደግሞ ያንን የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ከመሠረታዊው 3 ሰዓት ስለምንቀድም ጠዋት 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10 ላይ፣ ዊንዶውሱ 7 ይላል። አንድ ጎረቤቴ ኮምፒውተሩ የሐበሻ ሰዓት ጀመረ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። የሐበሻ ሰዓት ቢሆን ልዩነቱ 6 ይሆን ነበር።

አሮጌው ሊኑክስ ላይ አስተካክላችሁት ከነበረ አዲሱ ይህን አያውቅም፤ እንደገና ንገሩት። ታይምዴትሲቲኤል የሚባለው ትዕዛዝ የማሽኑን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት እንዲቆጥር ያደርገዋል።

አማርኛ መጻፊያዬስ?

ከአሮጌው ስርዓት ጋር ይሄዳል። አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑና ሴራ የሚለውን ጨምሩ፤ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ድምፁን ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል። ኪማንም ለሊኑክስ አለ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ የጎደለው ፎንት ነው፤ የኖቶ ኢትዮፒክን ጫኑ።

የዊንዶውሱን ድራይቭ ከአዲሱ ሊኑክስ ስከፍተው ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። ወይ ደግሞ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቀኛል።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፋስት ስታርትአፕ ነው። ዊንዶውስ "ጠፋሁ" ሲል እውነቱን አይደለም፤ ግማሹ ተኝቷል። ድራይቩንም ቆልፎ ነው የሚተኛው። ዊንዶውስ ገብታችሁ በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን ዝጉና በደንብ አጥፉት። በግድ ልክፈተው ብላችሁ ከሊኑክስ በኩል አትታገሉ፤ ፋይል ይበላሻል።

ሁለተኛው ቢትሎከር ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ብዙ ማሽኖች ሳይጠይቋችሁ ዲስኩን ይቆልፉታል። እናንተ ሊኑክስ ለመጫን ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ስርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን የማሽኑን ጥበቃ) ስትዘጉ "ማሽኑ ተነካክቷል" ብሎ ቁልፉን ይጠይቃል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክ ገብታችሁ ታዩታላችሁ። አካውንቱን ላፕቶፑን የሸጠላችሁ ሰው ከፍቶት ከሆነ ደውሉለት። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ዴቢያን ሴኪዩር ቡት ክፍት ሆኖም ይጫናሉ፤ መጀመሪያውኑ መዝጋት አልነበረባችሁም። መልሳችሁ ብትከፍቱት ዊንዶውሱ ብዙ ጊዜ መጠየቁን ያቆማል። ቢያቆምም ባያቆምም ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ውስጥ አይደለም፤ ወረቀት ላይ።